ለጥቁር አንበሳ የአጥንት ሐኪሞች እና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የቀረበ ምስጋና

ታናሽ ወንድሜ የአይሱዙ ረዳት ነው። መኪናው ሲገለበጥ የቀኝ ጭኑ አጥንት መሐል ለመሐል ተሰበረ። ዛሬ ያለ ክራንች ይራመዳል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል ባለሙያዎችን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

የጭን ስብራት ቆዳ ሳይቀደድ እንኳ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ወደ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከአጥንቱ በፊት ሕይወቱን አስቀደሙ። ደም ሰጡት፤ ደረቱንና ሆዱን መረመሩ፤ ከጉልበቱ በታች ብረት አሳልፈው እግሩን በክብደት ሳቡለት። ተኮማትሮ የነበረው ጡንቻ ሲላላ ጩኸቱም ጋብ አለ።

ቀዶ ሕክምናውን የሠሩት ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ለእናታችን በሚገባት ቋንቋ አስረዷት። ረጅም የብረት ዘንግ በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ይገባል፤ ከላይና ከታች በብሎን ይታሰራል። ዘንጉን የሚሠራው ዶክተር ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የመሠረቱት ሳይን የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ባይኖርም እንኳ ከእግሩ ውጭ የሚያዝ መሪ ብረት ብሎኑን ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ያገናኘዋል። ሐኪሞቹ የታካሚውን ራጅ ለድርጅቱ ይልካሉ፤ በተጠቀሙበት ዘንግ ምትክም ሌላ ይላክላቸዋል። አቅም የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ሕክምና የሚያገኝበት መንገድ መኖሩ አሁንም ይደንቀኛል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ግን ለብቻዋ ማመስገን አለብኝ። ወንድሜ ብረቱ ይሰበራል ብሎ ጉልበቱን ለማጠፍ ይፈራ ነበር። አልተቆጣችውም። ተረከዙን በመዳፏ ይዛ አልጋው ላይ ቀስ እያደረገች ወደ መቀመጫው ታስጠጋለች፣ ፊቱን እያየች ትቆማለች፣ እንደገና ታስጠጋለች። በክትትሉ ወቅት «ቁጢጥ በልና ፈገግ በል» ብለው ፎቶግራፍ አነሡት። የጭን አጥንቱ መዳኑንና ጉልበቱ መታጠፉን ከሚያዩባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እውነትም ፈገግ አለ!

ከባድ ስብራት የደረሰበት ሰው ካላችሁ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻ ለወለምታ ሊረዳ ይችላል፤ ለተሰበረ ጭን ግን አይሆንም። አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ከልክሎ እግር ያስቆርጣል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስኪነጋ አትጠብቁ። አጥንቱ ወጥቶ ከሆነ መልሳችሁ አትግፉት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ። እንዲህ ያለው ቁስል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና በቀዶ ሕክምና ክፍል መታጠብን ቶሎ ይፈልጋል።

መንገድ ላይ በሚገኘው ጤና ጣቢያ ተረኛ ለነበርከው ወጣት ጤና መኮንን ደግሞ፦ ዘመዶቻችን ወጌሻ ጋር እንውሰደው ሲሉህ በትሕትና አስረድተህ መለስካቸው። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በጣውላ ደገፍክለት፤ የእግሩን የደም ትርታ ከማሰርህ በፊትም በኋላም በጣትህ ፈትሸህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፍክ። በጥድፊያው ስምህን እንኳ አልጠየቅንህም። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እናታችን ስትመርቅህ ውላ ታድራለች።