«ሮማን ሆሊዴይ» በቤት ቴሌቪዥን፦ ዲቪዲው ወይስ የፍላሹ ኮፒ?

ፍላሽ ላይ የሚጫነው የ700 ሜጋ ኮፒ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ፊልም ግን አይሆንም። «ሮማን ሆሊዴይ» እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። 118 ደቂቃ ሙሉ ዓይን የሚይዘው ግራጫውን ነው፤ ፋይል ሲጨመቅ ደግሞ ቀድሞ የሚበላሸው ይኸው ነው። ወንዙ ላይ ባለው የማታ ጭፈራ ልዕልቷን ሆና የምትሠራው የኦድሪ ሄፕበርን አጭር ጸጉር ከኋላው ጨለማ ጋር ይቀላቀላል፣ ሰማዩም እንደ ድሪቶ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል። የዲቪዲው አጨማመቅ ያረጀ ቢሆንም፣ አንድ የመረጃ ንጣፍ ብቻ ያለው ዲስክ እንኳ 4.7 ጊጋ ስለሚይዝ ከዚህ ጣጣ በአብዛኛው ይገላግላል።

መርካቶም ሆነ የጅማው ሄርማታ ገበያ ስታስጭኑ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መክፈቻውን አጫውታችሁ የጸሐፊውን ስም እዩ። ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በሆሊውድ ጥቁር መዝገብ (ሥራ በተከለከሉት ሰዎች ዝርዝር) ውስጥ ስለነበር ስሙ ፊልሙ ላይ አልወጣም፤ ኦስካሩንም በእሱ ፈንታ ኢያን ማክሌላን ሀንተር ወሰደው። ሽልማቱ ለትራምቦ የተሰጠው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ታድሶ የወጣው ዲቪዲ ስሙን መልሶታል። ስሙ ከሌለ ኮፒው ከድሮ ካሴት የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስክሪኑ ላይ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ለጠባቡ፣ ለ4 በ3 ቅርብ ለሆነው ስክሪን ነው፤ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። «ቦታው ባዶ ቀረ» ብሎ ዙም የሚያደርግ ከላይና ከታች ሩቡን ያጣል። ጋዜጠኛውን የሚሠራው ግሪጎሪ ፔክ የውሸታምን እጅ ይቆርጣል በሚባለው የድንጋይ ፊት አፍ ውስጥ እጁን ከትቶ ሲያወጣ እጁ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ተደብቋል፤ ለሄፕበርን አስቀድሞ ስላልነገራት ጩኸቷ የእውነት ነው። ቀልዱ ያለው እጅጌው ላይ ነውና እጅጌው ከተቆረጠ ምን ቀረ? የሚለጥጠው ምርጫ ደግሞ ቀጭኗን ልዕልት ፊተ ሰፊ ያደርጋታል። ሪሞቱ ላይ 4 በ3 በሉት፣ አለቀ። (በነገራችን ላይ ሁለቱ ሮምን የሚያተራምሱባት ቬስፓ የጅማው ባጃጅ ዘመድ ናት፤ የህንዱ ኩባንያ ቀድሞ ቬስፓን በጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ያመርት ነበር።)

ድምፁ ሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ የተቀዳ) ነው። ስፒከሩን «ሰራውንድ» ላይ ካደረጋችሁት ንግግሩ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ አጥፉት።

ከአውሮፓ የመጣ ዲስክ 113 ደቂቃ ገደማ ላይ ቢያልቅ አልተቆረጠም፤ 24 የነበረው የሰከንድ ምስል ወደ 25 ስለሚፈጥን ነው። የኛ አገር ዲቪዲ ሪጅን (ዲስኩ እንዲሠራበት የተመደበለት የዓለም ክልል ቁጥር) 5 ነው። ማጫወቻው ሁሉንም ሪጅን የሚቀበል ካልሆነ የአሜሪካውን (1) ወይም የአውሮፓውን (2) ዲስክ ይመልሰዋል። በኮምፒውተር የምታዩ ተጠንቀቁ፦ ድራይቩ ሪጅን የሚቀይረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይቆለፋል።

ብሉሬይ ማጫወቻ ያለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ብሉሬይ ይያዝ፣ ከዲቪዲው የጠራ ነው። ከዚያ የተቀዳ ፋይል ከ4 ጊጋ ካለፈ ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ቦታ እያለው አይቀበልም። ፍላሹን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት፤ ያለውን ግን አስቀድማችሁ አውጡ።

ክረምት ላይ ዲስኩ ቢቆሽሽ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። እንደ ምጣድ ማሰሻ ዙሪያውን አትዙሩ፤ መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የሄደ ጭረትን ማጫወቻው አርሞ ማንበብ ይከብደዋል።