ኤንደር 3፦ ከሐረጎ በጋቢ ተጠቅልላ የወረደችው ፕሪንተሬ

የምመራመረው በአጥንት መተኪያ ላይ ነው። የታይታኒየም ዱቄት በሌዘር እየቀለጠ፣ ሌየር በሌየር እየተነባበረ የሚሠራውን ማለቴ ነው። ያ ማሽን እጄ ላይ የለም። ያለችኝ ኤንደር 3 ናት፤ የፕላስቲክ ክር አቅልጣ የምታትም ትንሽ የቻይና ፕሪንተር። ሁለት ዓመት ሠርቼባታለሁ። «ልግዛ ወይ?» የሚሉኝ ተማሪዎች ስለበዙ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ደሴ ቤቴ ነበር የተከልኳት። የጦሳ ተራራ ብርድ አላስቻላትም። በር በተከፈተ ቁጥር የሚታተመው ዕቃ ጠርዙ እየተቆለመመ ከቤዱ፣ ማለትም ከሚታተምበት ሰሌዳ፣ ይነሳል። በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ይዣት ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ተስማማት።

የምታትምበት ቦታ 220 በ220፣ ቁመቱ 250 ሚሊ ሜትር ነው። የታችኛው መንጋጋ ደህና አድርጎ ይገባል። የአዋቂ ጭን አጥንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ለሁለት ቆርጬ አትሜ በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት። የአጥንቱን የሲቲ ስካን ምስል ወደሚታተም ሞዴል የምቀይረው ስሪዲ ስላይሰር በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው።

መብራት ሲጠፋ ካቆመችበት መቀጠል ትችላለች። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቤዱ ከቀዘቀዘ ዕቃው ይላቀቃል። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የፈጀ መንጋጋ ጠዋት ስመጣ ወድቆ አገኘሁት። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ አለኝ፤ ለአጭር መቋረጥ ያድነኛል።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። እዚህ የታተመ ፕላስቲክ ሰው ውስጥ አይገባም። ለማየት፣ ለመለካት፣ ለማስረዳት ነው። ለማስረዳት ግን ወደር የላትም።

አጎቴ ጭናቸው ውስጥ የታይታኒየም ብረት አለ። ታይታኒየም ግትርነቱ፣ ማለትም ሲጫኑት አልታጠፍ ባይነቱ፣ ወደ 110 ጊጋ ፓስካል ነው፤ ጠንካራው የአጥንት ክፍል 20 አካባቢ። ስለዚህ ሸክሙን ብረቱ ይወስደዋል፣ አጥንቱ ሥራ ይፈታል፣ ቀስ በቀስ ይሳሳል። መተኪያውን እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ የምናደርገው ግትርነቱን ለመቀነስና አጥንት ውስጡ እንዲያድግ ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። የማሽኗ ኖዝል፣ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት አፍ፣ ራሱ 0.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በልኩ አይወጣላትም። አሥር እጥፍ አሳድጌ አተምኩትና ለአጎቴ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«የኔም እንዲህ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ የእርስዎ ድፍን ነው።»

ዝም ብለው ትንሽ አገላበጡት። «ታዲያ ይሄን ቶሎ ጨርሱታ» አሉኝ።

ግዟት። ቤዱን በአራቱም ማዕዘን በእጅ ማስተካከል መጀመሪያ ያታክታል፤ ከኖዝሉ ሥር ወረቀት እያስገባችሁ ስትለኩ ሳምንት አይሞላም፣ እጃችሁ ይለምደዋል። ፊላመንቱን፣ የፕላስቲክ ክሩን፣ በክረምት ክፍት አትተዉት፤ እርጥበት ይስባል።