ባለ13 ኪሱ አኮርዲዮን ፋይል ለግብር ማሳወቂያ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው አደራደር አይደለም። እንደ አኮርዲዮን እየተለጠጡ የሚከፈቱት ባለ13 ኪስ ፋይሎች ብዙዎቹ የወራት ስም የታተመባቸው ካርዶች አሏቸው፦ 12 ኪስ ለ12 ወር፣ አንዱ ትርፍ። ለውኃና ለስልክ ክፍያ ወረቀት እሰየው። የግል ገቢ ግብር ማሳወቂያ ግን በየትኛው ወር ምን እንዳገኛችሁ አይጠይቅም። ከደመወዝ ስንት፣ ከኪራይ ስንት፣ ከወለድ ስንት፣ አስቀድሞ የተቀነሰ ግብር ስንት እያለ ነው የሚሄደው። በወር የተደረደረ ፋይል ይዞ ቅጹ ፊት የሚቀመጥ ሰው ለእያንዳንዱ መስመር 12ቱንም ኪስ ሲገለብጥ ያመሻል። ስለዚህ የወራቱን ካርዶች ገልብጧቸውና በባዶው ጀርባ ላይ የቅጹን መስመሮች ስም ጻፉባቸው። በእርሳስ ይሁን፤ በሚቀጥለው ዓመት ትቀይሩታላችሁ።

እዚህ የምንገመግመው የተለመደውን ዓይነት ነው፦ ለኤ4 ወረቀት የሚሆን፣ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በላስቲክ የሚዘጋ፣ በየኪሱ አናት ላይ ስም የሚሰካበት ጆሮ ያለው። መጀመሪያ ስለ አቅሙ። ባለ80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናል፤ 500 ሲሆን 2.5 ኪሎ ነው፣ ውፍረቱም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በየኪሱ 40 ወረቀት ብታስገቡ 520 ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ይህን ይበል እንጂ የግብር ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀመጥም። ደረሰኝ ሁለትና አራት ታጥፎ ይገባል፣ ክሊፕ አለው፣ ፖስታ አለው። በተግባር የዚያን ግማሽ ሲይዝ ሆዱ ይነፋል፣ ክዳኑም አልገጥም ይላል። የሚቀደደው ደግሞ መሃሉ ሳይሆን እጥፋቶቹ ከታች የሚገናኙበት ጥግ ነው፤ ፋይሉን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መሸከም ያን ጥግ ቶሎ ይጨርሰዋል። ላስቲኩም መላላቱ አይቀርም፤ በሌላ ላስቲክ ይተካል፣ ብዙ አያሳስብም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ጉድለት ኪሱ ለኤ4 የተለካ መሆኑ ነው። ትናንሽ ደረሰኞች ታች ሰርገው ይጠቀለሉና ቅጹን ስትሞሉ አይታዩም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደረሰኝ በሚበዛባቸው ኪሶች ውስጥ አንዳንድ የወረቀት ፖስታ አስገቡ፤ ፖስታው ላይ ደግሞ የደረሰኞቹን ብዛትና ድምር ጻፉ። ስቴፕለር አትጠቀሙ። ስካን ለማድረግ ስትነቅሉት ወረቀቱን ይቀድደዋል፣ አንዳንዴም ቁጥሩ ላይ ያርፋል።

ወደ ኪሶቹ እንመለስ። የመጀመሪያው «ገና ያልታየ» ይሁን። የመጣ ወረቀት ሁሉ እዚያ ይግባና ቢያንስ በወር አንዴ ይራገፍ። ይህ ኪስ ከሌለ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ያለፈው ዓመት ማሳወቂያ ቅጂ ነው፤ ሥራውን በእርግጥ የሚያቀለውም ይኸኛው ነው። ቅጂውን አውጡና ቁጥር የተጻፈበትን መስመር ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ከጎኑ ያን ቁጥር ዘንድሮ የሚያረጋግጠውን ሰነድ ጻፉ፦ ከአሠሪ የሚሰጥ ዓመታዊ የደመወዝ መግለጫ፣ ከባንክ የወለድ ማስረጃ፣ ከተከራይ ጋር የተደረገ ውል። ሰነዱ በመጣ ቁጥር ምልክት አድርጉ። ምልክት ያልተደረገበት መስመር ስልክ የምትደውሉበት ነው። ከዚያ ዘንድሮ የተለወጠውን ከታች ጨምሩ፦ ሥራ መቀየር፣ አዲስ የባንክ ሒሳብ፣ የተሸጠ ንብረት፣ የተወለደ ልጅ፣ አዲስ ተከራይ። ያለፈው ዓመት ቅጂ እነዚህን ሊያስታውሳችሁ አይችልም፤ የሚረሱትም እነሱ ናቸው።

ደመወዝ፣ የግል ሥራ፣ ኪራይ፣ ወለድና የትርፍ ድርሻ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኪስ ይኑራቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚቀር ግብር ላይ ነው፤ ለዚህ የተለየ ኪስ ያስፈልጋል። 10,000 የጠየቃችሁበት ሥራ 500 ተቀንሶበት 9,500 ባንክ ገባ እንበል። የባንክ መግለጫ የሚያሳየው 9,500ን ብቻ ነው። ያንን እንደ ገቢ ጽፋችሁ 500ውን ደግሞ እንደተከፈለ ግብር ካስያዛችሁ ገቢያችሁን አሳንሳችኋል። ከፋዩ 10,000 ከፈልኩ ብሎ ካሳወቀ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ጥያቄ ይመጣል። 500ውን ጨርሶ ከረሳችሁት ደግሞ የከፈላችሁትን ግብር መልሳችሁ ትከፍላላችሁ። የጠየቃችሁበትን ሰነድ፣ የተቀነሰበትን ማስረጃና ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ገጽ ሦስቱን በአንድ ክሊፕ ያዙ፤ ይህ ጥምረት ካለ ክርክር የለም።

የባንክ መግለጫውን ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍን አድርጋችሁ አውጡና ገቢ የተባለውን መስመር ሁሉ በእርሳስ ምልክት ስጡት። ከራሳችሁ ሒሳብ ወደ ራሳችሁ ሒሳብ የተዛወረ ገንዘብ፣ የተመለሰ ብድር፣ የተመለሰ ዕቃ ዋጋ ገቢ አይደለም። ካልለያችኋቸው ድምሩ ያብጣል። በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ተጠይቆ በአዲሱ ዓመት የተከፈለውን ደግሞ ለብቻው አስቀምጡ፦ በየትኛው ዓመት እንደሚያዝ የሚወስነው የምትጠቀሙበት የሒሳብ አያያዝ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት የያዛችሁበትን መንገድ ሳታዩ አታስገቡት።

ፋይሉ የማይችለው አንድ ነገር አለ፦ ከአንድ ዓመት በላይ የሚኖር ሰነድ። የቤት፣ የመሬት ወይም የአክሲዮን ግዥ ወረቀት የሚፈለገው ንብረቱ በተሸጠ ቀን ነው፤ ትርፉ የሚሰላው ከግዥው ዋጋ ተነስቶ ነውና። የዓመቱ ፋይል ውስጥ ከተከተተ ፋይሉ ሲወገድ አብሮ ይሄዳል። የግዥ ውል፣ የማሻሻያ ሥራ ደረሰኝና የስም ዝውውር ክፍያ ከፋይሉ ውጭ በራሳቸው ፖስታ ይቀመጡ፤ ሰነዶቹ ተጠብቀው የሚቆዩበት ጊዜም መቆጠር የሚጀምረው ሽያጩ በማሳወቂያ ከቀረበበት ዓመት ነው ብላችሁ ያዙት።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ። ከሽያጭ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በቀለም የተጻፈ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅብ አለው፤ ማሽኑ የሚያደርገው በሙቀት መንካት ብቻ ነው። በጥፍር ጫር ስታደርጉት ጥቁር መስመር ከወጣ ያ ዓይነት ነው። ብርሃን፣ ሙቀት፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ ዘይት፣ የማጣበቂያ ፕላስተር ሙጫ ያበላሹታል። ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ የሚጨመረው ማለስለሻም እንዲሁ፤ እየወጣ ጽሑፉን ያደበዝዛል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ይህ ችግር የለበትም። ከመግዛታችሁ በፊት ፋይሉን ገልብጡና የሦስት ማዕዘኑን ምልክት ፈልጉ፤ ውስጡ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ 3 ከሆነ ፒቪሲ ነው፣ ተዉት። ምልክት ከሌለውና እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ የሚሸት ለስላሳ ከሆነም አትውሰዱት። ደረሰኝ ላሚኔት ማድረግ (በሚያሞቅ ማሽን በፕላስቲክ ማሸግ) ግን ከሁሉ የባሰ ነው፦ የማሽኑ ሙቀት ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ያጠቁረዋል።

ጥሩ ፋይል ቢሆንም ደረሰኙን ለዘላለም አያቆይም። ስለዚህ ስልክ ያስፈልጋል፤ ፋይሉን ያለ ስልክ ስካን መገምገም ከንቱ ነው። ስካን የሚደረገው ደረሰኙ በገባበት ቀን እንጂ ማሳወቂያው ሲደርስ አይደለም። ጠቆር ያለ ነገር ላይ ዘርጉት፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ የእጃችሁ ጥላ ቁጥሩ ላይ አይረፍ። ረጅም ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ከተነሣ ጽሑፉ ይደቃል፤ ጥቂት መስመር እያደራረባችሁ ሁለት ጊዜ አንሡትና በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉት። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንድ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፤ ለማንበብም ለማተምም ይበቃል። ከዚያ በላይ ማከማቻ መሙላት ነው። ካስቀመጣችሁ በኋላ ከፍታችሁ አራት ነገር እዩ፦ የሻጩ ስም፣ ቀኑ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ድምሩ። አንዱ ካልተነበበ ድገሙት፤ ወረቀቱ ገና በእጃችሁ ነው።

ስሙን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ጀምሩት፤ ኮምፒውተሩ በራሱ በጊዜ ይደረድረዋል። ከቀኑ ቀጥሎ የኪሱን ስምና ድምሩን ጻፉ። ከባንክ በይለፍ ቃል ተቆልፎ የሚመጣ መግለጫ ካለ ይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ቦታ ይኑር፤ ከዓመታት በኋላ ሲፈለግ የማይከፈት ሰነድ እንደሌለ ይቆጠራል። ቅጂው ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ወይም ክላውድ ላይ። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፋይሉ ወረቀቱን ከእሳት ያድናል ብሎ የሚያስብ ካለ ይወቀው።

ድምሩን በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ የደረሰኝ ቁጥር የሚገባበትን ዓምድ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት «ጽሑፍ» አድርጉት። ካልሆነ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ዜሮው ይጠፋል፤ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነም ከ15ኛው በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ዜሮ ይቀየራል። በኋላ ብታስተካክሉት የጠፋው አይመለስም። ሌላው የተለመደ ስሕተት አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፦ የካርድ ክፍያ ወረቀቱና የሻጩ ደረሰኝ የአንድ ግዥ ሁለት ወረቀቶች ናቸው። የካርዱ ወረቀት ምን እንደተገዛ አይናገርም፤ ማስረጃው የሻጩ ነው። ሁለቱን በክሊፕ አያይዙና አንዱን ብቻ መዝግቡ።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? አንድ አሠሪ ብቻ ላለውና ሌላ ገቢ ለሌለው ተቀጣሪ አይመከርም፤ ሦስት ፖስታ ይበቃዋል፣ 10 ኪስ ባዶውን ይቀራል። ደመወዝ ላይ ኪራይ ወይም የጎን ሥራ ላለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ብዙ አናውቅም፤ ገቢውም ወጪውም በአንድ እጅ ይያዛል፣ ሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ሲኬድም እንዳለ ይሰጣል። በቀን ብዙ ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ አይሞክረው። ለእሱ ወረቀት በፓንቸር ተበስቶ የሚያዝበት ክላሰር ነው የሚሻለው፣ በዓመት አንድ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ አንድ። ክላሰር ከባድ ነው፣ ቦታም ይይዛል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይናጋም፣ ወረቀቱም ታች አይሰርግም።

የመጨረሻው፣ 13ኛው ኪስ፣ ማሳወቂያው እስኪገባ ባዶ ይቆይ። ሲገባ የተላከው ቅጽ ቅጂ፣ መድረሱን የሚያረጋግጠው ወረቀት ወይም የስክሪን ቅጂ፣ የክፍያው ማስረጃ፣ እንዲሁም ቅጹ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ኪስ እንደመጣ የሚያሳይ አንድ ገጽ እዚያ ይግቡ። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ቢመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ገጽ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ሁለተኛው ኪስ የሚዛወረው እሱና የቅጹ ቅጂ ናቸው።