የ2017ቱ ወይስ የ2021ዱ «ጀስቲስ ሊግ»?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር «ጀስቲስ ሊግ» የተባለውን የልዕለ ጀግኖች ፊልም ሁለቱንም ቅጂዎች ከተመለከትን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሲኒማ የቀረበው የሁለት ሰዓት ፊልም ሁላችንንም ቅር እንዳሰኘን ተስማማን። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በልጁ ሞት ምክንያት ሥራውን ሲተው ጆስ ዊደን ተክቶት ብዙ ትዕይንቶችን እንደገና በመቅረጹ፣ ፊልሙ የሁለት ሰዎች ሐሳብ የሚጋጭበት ሆኗል፤ የሱፐርማን ተዋናይ ሪዝ በኮምፒውተር ስለተደመሰሰም አፉ ተዛብቶ ይታያል።

በ2021 የወጣው የስናይደር ቅጂ አራት ሰዓት ይፈጃል። በብርዱ ምሽት ጋቢ ደርበው የተቀመጡት ጓደኞቼ ርዝመቱ ስላሰለቻቸው አጭሩን መርጠዋል። እኔ ግን ያለማመንታት ረጅሙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከጀግኖቹ አንዱ የሆነው የሳይቦርግ ሐዘንና ከአባቱ ጋር ያለው ቅሬታ ተሟልቶ የቀረበው በዚህ ብቻ ሲሆን፣ አባቱ ሕይወቱን የሚሰጥበት ልብ የሚነካ ትዕይንት በ2017ቱ ውስጥ ፈጽሞ የለም።