ከለገሀር እስከ ቀፊራ፦ የድሬዳዋ ዋና መንገድ በእግረኛ ሚዛን

የኮሪደር ልማት ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ስለ ከተማችን ጎዳናዎች የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ስፋታቸው፣ ስለ መብራታቸውና ስለ ውበታቸው ነው። እኔ ግን መንገድን ለሕዝብ እንደሚቀርብ ማንኛውም አገልግሎት ቆጥሬ፣ ተጠቃሚው እግረኛ ምን አገኘበት በሚል ልመዝነው እወዳለሁ። ለዚህ የመረጥሁት ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ከለገሀር ተነሥቶ፣ በከዚራ በኩል የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ፣ መጋላ ውስጥ ቀፊራ ገበያ የሚያደርሰውን መስመር ነው፤ ሁለቱን ነባር ሰፈሮች የሚያገናኝና በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስድ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያስገኙለት ግን ከመቶ ዓመት በፊት ከዚራን የቀየሱት ሰዎች ናቸው።

ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አላሳልፍ ሲል በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ላይ ቆመ፤ በዚያም አዲስ ሐረር የተባለችው የዛሬዋ ድሬዳዋ ተቈረቈረች። የባቡሩ ኩባንያ ፈረንሳውያን ከዚራን ሲቀይሱ ጎዳናዎቹን ከጣቢያው አደባባይ አስጀምረው በቀጥታ መስመር ዘረጓቸው፤ ግራና ቀኛቸውንም ዛፍ ተከሉባቸው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለች፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ 35 ዲግሪ በሚደርስ ከተማ ይህ ለጌጥ የተደረገ አልነበረም። ዛሬም ከጣቢያው ወጥቶ በከዚራ ዛፎች ሥር የሚሄድ ሰው ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ጥላው ሲሳሳ ልዩነቱን በግንባሩ ላብ ያውቀዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በድሬዳዋ ጥላ የሌለው የእግረኛ መንገድ፣ ምንም ያህል ሰፊና የተወለወለ ቢሆን፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም የማይሄድበት መንገድ ነው። ሲሚንቶውና የድንጋይ ንጣፉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ጠጥተው ይውሉና ያጠራቀሙትን ሙቀት ማታ መልሰው ይለቃሉ፤ ስለዚህ ንጣፍ በሰፋ ቁጥር ከበላዩ የሚዘረጋው ቅርንጫፍም አብሮ ካልሰፋ፣ እግረኛው ከላይም ከታችም ይቃጠላል። የዛፉ ዓይነትም የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በየከተማው ሲተከል የምናየው ዘንባባ ለዓይን ቢያምርም ጥላው አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አያስጠልልም። በመላው አገሪቱ የድሬዳዋ ዛፍ እየተባለ የሚጠራውና ቀይ አበባ የሚያብበው ዛፍ ሰፊ ጥላ አለው፤ ሆኖም በደረቁ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሥሩም ወደ ላይ እየወጣ ንጣፉን ይገለብጣልና በቂ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ኒም ግን ድርቁን ይችላል፤ አብዛኛውን ዓመት ለምለም ሆኖ ይቆያል። አሁን ያሉት ችግኞች በጠባብ የሲሚንቶ ሣጥን ውስጥ ታጥረው ከቀሩ ግን፣ የትኛውም ቢተከል የልጅ ልጆቻችን እንኳ ጥላ አያገኙበትም። እስከዚያው ድረስ የሱቆቹን በረንዳና በፊታቸው የሚዘረጉትን ሸራዎች ለገጽታ ሲባል ማንሣት ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሸራው አንድ ዓይነት ቀለምና ከፍታ እንዲኖረው ማድረግ ይበቃ ነበር።

ከጥላው ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ማቋረጫው ነው። ባጃጅ የድሬዳዋ እግር መሆኑን አልክድም፤ አረጋውያንንና ዕቃ የያዙ እናቶችን ከደጃቸው የሚያነሣ ሌላ የለንም። ችግሩ ሰው የሚወጣውና የሚወርደው ልክ መስቀለኛው መንገድ ጥግ ላይ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ዝቅ በተደረገበት ስፍራ መሆኑ ነው። በዚያ ቦታ አንድ ባጃጅ ቆመ ማለት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው መንገዱ በሙሉ ተዘጋ ማለት ነው። ከጥጉ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ለባጃጅ ብቻ የተከለለ መቆሚያ ቢኖር ሾፌሩም አይጨቃጨቅም፣ እግረኛውም መተላለፊያውን አያጣም። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፦ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ተሽከርካሪ የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል፣ በ50 ግን ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ማቋረጫውን ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ሾፌሩ ወደደም ጠላም እንዲቀዘቅዝ ስለሚያስገድደው፣ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ምልክት ይበልጣል።

ድልድዩ የመስመሩ ደካማ ቦታ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች የሚገናኙት በዚያ በመሆኑ፣ ተማሪው፣ ጫት ተሸካሚዋ፣ ጋሪ ገፊውና የገበያተኛው ሁሉ እግር እዚያ ላይ ይጨናነቃል። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ፣ የመንገድ ንድፍ ሲነሣ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዶብናል። ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ ከተማዋ ብቻዋን ማቆም አትችልም፤ ቢሆንም ጎዳናዎቿን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በንጣፍ ብትደፍናቸው የራሷን ዝናብም ወደዚያው ወንዝ ትጨምራለች። በዛፎቹ ዙሪያ ክፍት አፈር መተውና የውሃ መውረጃ ቦዮቹን ከክረምቱ በፊት መጥረግ የእግረኛ መንገድ ሥራ አካል እንጂ የሌላ ክፍል ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መጋላ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ይበዛል፣ መኪናው ራሱ በሰው እርምጃ ይሄዳል፤ እግረኛው ማንም ሳይፈቅድለት ባለቤት ሆኗል። በቅስቶቹ በሚታወቀው ቀፊራ ዙሪያ የሚያስፈልገው የጭነት መኪና የሚገባበትን ሰዓት በማለዳ መወሰን ብቻ ይመስለኛል። መሬት ላይ ቁጭ ብለው አትክልት የሚሸጡት የገጠር እናቶች ለመንገዱ ንጽሕና ተብለው ከተነሡ ግን ገበያው ራሱ ይፈርሳል። ለእነርሱ ከመተላለፊያው ውጪ ጥላ ያለው መቀመጫ ማበጀት የንድፉ አንድ ክፍል መሆን አለበት።

መብራቱን ሳላመሰግን አላልፍም። ሱቆች ቀትር ላይ ዘግተው አመሻሽ ላይ በሚከፍቱባት፣ ሰዉም ሻይና ፋጢራ ፍለጋ ከምሽት በኋላ በሚወጣባት ከተማ፣ በደንብ የበራ የእግረኛ መንገድ ሴቶችና ልጆች ሳይሰጉ እንዲሄዱ አድርጓል፤ ሦስተኛውን ኮከብ የሰጠሁትም ለዚህ ነው። አራተኛውን የሚያስገኙት ቀላል ነገሮች ናቸው፦ ጀርባ ያለውና በጥላ ሥር የተቀመጠ አግዳሚ ወንበር፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ፣ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት። ሽንት ቤት የሌለው ጎዳና የስኳር በሽተኛን፣ ነፍሰ ጡርንና አረጋዊን ከቤት አያስወጣም።

ከሌላ ከተማ ለምትመጡ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከለገሀር ጀምሩ፤ በከዚራ በኩል ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ድልድዩን ሳይመሽ ተሻገሩ። ቀፊራ ገብታችሁ ዕቃ ከገዛችሁ ግን፣ መንገዱ ገና ለተሸከመ ሰው አልተመቸምና በባጃጅ ተመለሱ።