ዘይት ቋጣሪው እርሾ፦ ከሦስት ዓመት አብሮነት በኋላ

እርሾው የደረሰን ጣት በሚያክል የመስታወት ቱቦ፣ አጋር በተባለ ጄሊ መሰል ማሳደጊያ ላይ አድጎ ነው። በቱቦው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በእርጥበት ፈዝዞ የዝርያው ስም ግማሹ ብቻ ይነበብ ነበር። የላከው ድርጅት «ይህ የትኛው ነው?» ብለን ለጻፍንለት መልስ የሰጠን በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። ለአቅራቢው ከአምስት ሁለት ሰጥቼ ልለፈው፤ ወሬዬ ስለ እርሾው ነው።

ያሮዊያ ሊፖሊቲካ ይባላል። ከእሱ በፊት አራት ዓመት ከዳቦ እርሾ ጋር ሠርቻለሁ። የዳቦ እርሾ ታዛዥ ነው፤ ጂን ስታስገቡበት በፈለጋችሁት ቦታ ይቀበላል፣ ጂኖሙም በ1996 ተነብቦ ያለቀ ነው። ችግሩ ስብ አለማጠራቀሙ ነው። የስብ ሥራውን የሚያስጀምረውን ኤሲሲ1 የተባለ ኢንዛይም ሌላ ፕሮቲን ፎስፌት እየለጠፈ ያስተኛዋል። ፎስፌቱ የሚለጠፍባቸውን ሁለት ሴሪኖች (የፕሮቲን ጡብ የሆኑ አሚኖ አሲዶች) በሌላ አሚኖ አሲድ፣ በአላኒን ተክተን ኢንዛይሙን አነቃነው፤ ያም ሆኖ የሚያኮራ ነገር አላየንም።

ያሮዊያ ግን ቋጣሪ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ናይትሮጅን ሲነጥፍበት መከፋፈሉን ይተዋል፤ ስኳሩ ግን ገና አላለቀም። ያኔ ሚቶኮንድሪያው (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ የተከማቸው ሲትሬት ወጥቶ ተሰብሮ የስብ ጥሬ ዕቃ የሆነው አሴቲል ኮኤ ይሆናል፣ ከዚያም ወደ ስብ ያመራል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ለአንዲት የፓልሚቲክ አሲድ (የተለመደ የቅባት አሲድ) ሞለኪውል 8 አሴቲል ኮኤና ኤሌክትሮን የሚያቀብል 14 ኤንኤዲፒኤች ይፈጃል። እኛ ኤሲሲ1ንና የቅባት አሲዱን ትራይግሊሰራይድ (የሚጠራቀመው ስብ) አድርጎ የሚያከማቸውን ዲጂኤ1ን አጠናከርንለት።

በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ጠብታ ወስጄ ስብን በሚያበራው በናይል ሬድ ቀለም አቅልሜ ከማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ጨለማ ነበር። ማጉያውን ቀስ ብዬ ሳስተካክል ወርቃማ ዶቃዎች ብቅ አሉ። በአንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንዲት ጠብታ አብጣ ሌላውን ሁሉ ወደ ጠርዝ ገፍታዋለች፤ ሕዋሱ ዘይቱን ያዘ ከማለት ዘይቱ ሕዋስ ለበሰ ማለት ይቀላል። አብሮኝ የሚሠራውን ጠርቼ ሳሳየው ምንም ሳይናገር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በ2013 የታተመ ጥናት በእነዚሁ ሁለት ጂኖች ስቡን ከደረቅ ክብደቱ 60 በመቶ በላይ አድርሶታል። እኛ 41 ላይ ቆመናል፤ ለእኔ ግን ያች ማታ ትበቃኛለች።

አሁን ወደ ምሬቴ። አንደኛ፣ ያስገባችሁትን ጂን ደስ ባለው ቦታ ይሰካዋል። የተቆረጠ ዲኤንኤን ባገኘው ጫፍ የሚያገጣጥመውን ኬዩ70 የተባለውን ጂን ካላጠፋችሁለት በቀር ትክክለኛውን የእርሾ ቅኝ (ኮሎኒ) ለማግኘት ሳህን ሙሉ ስትለቅሙ ትውላላችሁ። ሁለተኛ፣ ሲከፋው ክር መሰል ሆኖ ይረዝምና ይጠላለፋል፣ ፒፔት ይደፍናል። አየር ይወዳል፣ ያለ ኦክስጅን አይኖርም፤ በፍላስክ ይህ ምንም አይደለም፣ በትልቅ ጋን ግን ቀንም ሌሊትም የሚነፋ ማሽን ነው፣ አረፋውም ሌላ ራስ ምታት።

ከሁሉ የሚብሰኝ ስስቱ ነው። ዘይቱን ይሠራል እንጂ አይሰጥም። የሕዋሱን ግድግዳ ሰብሬ በክሎሮፎርምና በሜታኖል፣ በመርዛማ ፈሳሾች፣ እያወጣሁ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ «ዘላቂ ምርት» የሚለውን የፕሮጀክታችንን ርዕስ ሳነብ ፈገግ ያሰኘኛል። ለናሙና ምርመራ ይሁን፤ በፋብሪካ ደረጃ ግን ሌላ መንገድ ያሻዋል። እዚህ ላይ ያ ታዛዥ የዳቦ እርሾ ይበልጠዋል፦ ኤፍኤኤ1ና ኤፍኤኤ4 የተባሉት ጂኖች ሲጠፉለት ነፃውን የቅባት አሲድ መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ስለሚያቅተው ከፊሉን ወደ ውጭ ያፈሰዋል።

ምን እንደምታበሉትም አስቡበት። ከ100 ግራም ግሉኮስ በንድፈ ሐሳብ እንኳ የሚወጣው ዘይት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ለስኳሩ አዲስ እርሻ ከተመነጠረ ከፓልም ዘይት በምን ተሻለ? እኔ ከባዮዲዝል ፋብሪካ የሚተርፈውን ግሊሰሮል እሰጠዋለሁ፤ ያሮዊያ ሳያንገራግር ይበላዋል። ለእርሾው ከአምስት አራት የሰጠሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ጂን ማስገባት ገና ለሚማር ሰው ግን አልመክረውም፤ ተስፋ ያስቆርጠዋል።

ከመጀመሪያው ቱቦ ስድስት ቅጂ አውጥቼ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጫለሁ። ስሙን በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ እርሳስ እርጥበት አያጥበውም።