ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ፕሮፌሽናል፦ ሦስት የካኖን ካሜራዎች ጅማ ላይ ከ9 ወር ሥራ በኋላ

እዚህ የሚነጻጸሩት ካሜራዎች ካኖን 2000ዲ፣ ካኖን 80ዲ እና ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ናቸው። ከጥር እስከ መስከረም ሦስቱም ጅማ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ሠርግና ኒካህ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ የጉርድ ፎቶ፣ የቡና ማሳ። የመጀመሪያው ለጀማሪ፣ ሁለተኛው ሥራውን ለለመደ፣ ሦስተኛው ለባለሙያ ተብሎ የተሠራ ነው። ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። ሦስቱን የሚለያቸው ግን እሱ አይደለም።

2000ዲ 24.1፣ 80ዲ 24.2፣ 5ዲ ማርክ 4 ደግሞ 30.4 ሜጋፒክስል ነው። በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ከ2000ዲ 51 በ34 ሳንቲሜትር፣ ከ5ዲው 57 በ38 ሳንቲሜትር ፎቶ ይወጣል። ለግድግዳ የሚታዘዘው 30 በ40 ከሆነ ሦስቱም ይበቃሉ። ጠዋት ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰውየው ቆሞ፣ በአንድ ዓይነት ሌንስ የተነሱ ሦስት ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ መለየት ይከብዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ብርሃኑ ሲወርድ፣ ጊዜው ሲያጥርና የሚነሳው ነገር የማይደገም ሲሆን ነው።

መጀመሪያ ፎከስ። 2000ዲ 9 የፎከስ ነጥብ (ካሜራው ጥራቱን የሚይዝበት ቦታ) አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ አግድምም ሽቅብም መስመር የሚያነበው የመሃሉ ብቻ ነው። 80ዲ 45 ነጥብ አለው፣ ሁሉም በሁለቱም አቅጣጫ ያነባሉ። 5ዲው ከ61 ነጥቦቹ 41ዱ እንዲሁ ናቸው። በተጨማሪም የሁለቱ ትልልቆች የመሃል ነጥብ 2000ዲ ከሚችለው የመጨረሻ ድንግዝግዝ በ8 እጥፍ ባነሰ ብርሃን መያዝ ይችላል። ሙሽሮች ሲገቡ የአዳራሹ መብራት ሲደበዝዝ ይህ ቁጥር ወደ ፎቶ ይለወጣል፤ አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ሌንሱን ወዲያ ወዲህ ያንከራትታል። በ2000ዲ የሚሠራ ሰው የመሃሉን ነጥብ ብቻ ይጠቀም። ዓይን ላይ ይያዝ፣ ቁልፉን በግማሽ እንደጫነ ፍሬሙን ያስተካክል። ነገር ግን 50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ መክፈቻ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል) ሆኖ ከ1.5 ሜትር ሲያነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፍሬሙን ለማስተካከል ካሜራው ሲዞር የምትነሳዋ ሰው ዓይኗ ቀርቶ ጆሮዋ ይጠራል። ስለዚህ በዚህ አሠራር ከኤፍ 2.8 በታች መክፈት አይመከርም።

ሌላም አለ። ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) እና ሌንስ እያንዳንዳቸው ጤነኛ ሆነው ሲገጣጠሙ ግን ፎከሱ ጥቂት ሚሊሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊያርፍ ይችላል። ለመፈተን ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድሞ ማስቀመጥ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ማሰር፣ ኤፍ 1.8 ላይ አንዱን በመመልከቻው፣ ሌላውን በስክሪኑ እየያዙ አሥር አሥር ጊዜ ማንሳት ነው። ሁለቱ የሚያርፉበት ቦታ ከተለያየ 80ዲም 5ዲውም ውስጥ ለእያንዳንዱ ሌንስ ማስተካከያ ሜኑ አለ። 2000ዲ ውስጥ የለም። ቆሞ ለሚነሳ ሰው በስክሪኑ ማንሳት ይረዳል፤ ግን በዚህ ቦዲ ላይ የስክሪን ፎከስ አዝጋሚ ስለሆነ ለሚራመድ ሰው አይሆንም።

ብርሃንን በተመለከተ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው በተሳሳተ ቦታ ነው። የ5ዲው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ የሌሎቹ 22 በ15 ገደማ። በስፋት 2.6 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ከአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። ከ2000ዲ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። 50 ሚሊሜትሩ ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ደግሞ ከእሱ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። 160 ግራም የምትመዝን፣ ከካኖን ሌንሶች ርካሽ ከሚባሉት አንዷ የሆነች ሌንስ ትልቁ ሴንሰር ከሚሰጠው የበለጠ ትሰጣለች። 2000ዲ ከዚህች ሌንስ ጋር፣ 5ዲ ማርክ 4 ኤፍ 5.6 ላይ ከሚቀር ዙም ጋር ማታ ቢወዳደሩ የሚያሸንፈው ጀማሪው ነው። ቦዲ ለመቀየር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ስሌት ይሥራ።

ቀትር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ምርቃት ላይ 6 ሰዓት ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 1.8 ሲሆን የሚያስፈልገው የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነት 1/8000 ሰከንድ አካባቢ ነው። 80ዲና 5ዲው እዚያ ይደርሳሉ፤ 2000ዲ 1/4000 ላይ ያበቃል፣ ስለዚህ ሌንሱን ወደ ኤፍ 2.5 መዝጋት ግድ ነው። የጥቁሩን ገዋን ዝርዝር ለማዳን በሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳት፣ ፊቱ እንዳይነጣ አሳንሶ መለካት፣ ጥላውን በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ማንሳት ያዋጣል። ይህን ሲያደርጉ የሁለቱ ትልልቆች ጥላ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል፤ የ2000ዲ ጥላ ቶሎ ይሻክራል፣ ነጠብጣብ ያወጣል። ጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጥ የጠቆረውን እንጨትና በበሩ የሚገባውን ብርሃን በአንድ ፍሬም የሞከረ ሰው ይህን በደንብ ያየዋል።

በመብራት በኩል፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሽ ሸምበቆ መብራትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ከ1/100 የፈጠነ ሹተር አንዱን ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩን ጨለማ ያደርገዋል። 80ዲና 5ዲው መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ የሚተኩስ መከላከያ በሜኑ ውስጥ አላቸው። 2000ዲ ስለሌለው በ1/100 ወይም በ1/50 ማንሳት ነው፤ ጭፈራ ሲጀመር ይህ ፍጥነት እጅና እግርን ያደበዝዛል፣ ያኔ ፍላሽ ይፈልጋል። ስለ ፍላሽ ከተነሳ፦ እንደ 250ዲ ባሉ የካኖን የጀማሪ ቦዲዎች ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ መሃል ያለው ፒን ቀርቷል። በዚያ ፒን ብቻ የሚሠራ ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያስተኩስ መሣሪያ) አይተኩስም። ለስቱዲዮ የሚገዛ ሰው ትሪገሩን ይዞ ሄዶ ይሞክር።

ማዞሪያው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። 2000ዲ አንድ ማዞሪያ ብቻ ስላለው በማኑዋል ኤፍ ቁጥሩን ለመቀየር ሌላ ቁልፍ ይዞ ማዞር ያስፈልጋል። ሁለቱ ትልልቆች ለሹተርም ለኤፍም የየራሳቸው ማዞሪያ አላቸው። የ2000ዲ መመልከቻ የሚያሳየው ከወርዱም ከቁመቱም 95 ከመቶውን ነው፤ ስለዚህ ያልታየ የሚዜ ክርን ወይም የጀነሬተር ገመድ በፎቶው ጠርዝ ላይ ይገኛል። የሁለቱ ሙሉ ነው። በቪዲዮ 2000ዲ የማይክ ቀዳዳ የለውም፤ ቃለ መጠይቅ ለሚሠራ በዚህ ብቻ ከምርጫ ይወጣል። 80ዲ ማይክም ኢርፎንም ይቀበላል፣ ስክሪኑም ይዞራል፤ ለቪዲዮ ከሦስቱ የሚቀለው እሱ ነው። 5ዲው 4ኬ ይቀርጻል፣ ግን 64 ጊጋ ሜሞሪ በ17 ደቂቃ ገደማ ይሞላል።

አሁን የባለሙያው ካሜራ ዋጋውን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ሁለት የሜሞሪ ቦታ አለው፣ አንድ ሲኤፍና አንድ ኤስዲ። ሜሞሪ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። ኒካህ ደግሞ አይደገምም። በሜኑው ውስጥ አንድ ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጻፍ ማዘዝ ይቻላል። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ አንዱ ከሞላ ካሜራው ማንሳት ያቆማል፤ ስለዚህ መጠናቸው እኩል ይሁን። ሁለተኛ፣ ሲኤፉ ጠምዘዝ ብሎ ከገባ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ፒኖች ይጎብጣሉ፤ ቀጥ አድርጎ፣ እንቢ ካለ ሳይገፉ መልሶ ማውጣት ነው። በ80ዲና በ2000ዲ አንድ ቦታ ብቻ ስላለ ሠርጉን በአንድ 128 ጊጋ ከመያዝ በአራት 32 ጊጋ መከፋፈል ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሚጠፋው ሩብ ነው።

የጅማ እርጥበት ሦስቱንም በእኩል ዓይን ያያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል፤ የቆዳና የስፖንጅ ቦርሳ ውሃ ይመጥጣል፣ ጨለማው ሻጋታውን ይመግበዋል። ጎማ ክፈፍ ያለው አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን፣ 200 ግራም ያህል ሲሊካ ጄልና አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። መለኪያው ከ40 እስከ 50 ከመቶ ያሳይ። ከ60 ካለፈ ጄሉን 120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 2 ሰዓት አድርቆ መመለስ ነው። 80ዲና 5ዲው አቧራና ካፊያ የሚከላከል ማሸጊያ አላቸው፣ ግን 50 ኤፍ 1.8 ሌንሷ የላትም፤ ከእሷ ጋር ሆኖ ካፊያ ውስጥ መቆም የቦዲውን ማሸጊያ ከንቱ ያደርገዋል።

ባትሪ፦ 2000ዲ በአንድ ሙሊት 500 ፎቶ፣ 80ዲ 960፣ 5ዲው 900 ተብሎ ተመዝኗል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ባትሪ ይጋራሉ፤ ሁለቱንም ይዞ ለሚወጣ፣ መብራት በጠፋበት ቀን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለመሙላት 2 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሹተሩን ያስብ። የ80ዲ ሹተር 100,000፣ የ5ዲው 150,000 ጊዜ ተብሎ ተፈትኗል። በአንድ ሠርግ 1,500 ጊዜ ከተጫነ የመጀመሪያው በ67 ሠርግ፣ ሁለተኛው በ100 ሠርግ እዚያ ይደርሳል። የፎቶው ፋይል ቁጥር ማስረጃ አይሆንም፤ 9999 ላይ ሲደርስ እንደገና ይጀምራል። ኮምፒዩተር ላይ በሶፍትዌር ማስነበብ ያስፈልጋል። ከዚያ ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ አንስቶ ነጠብጣብ መፈለግ፣ ሌንሱንም በስልክ መብራት አሻግሮ የሸረሪት ድር የመሰለ የሻጋታ ክር እንዳለ ማየት ነው። ክር ያለበትን በቅናሽም አትግዙ፤ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሌንስም ይበክላል።

አዲሶቹ ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) ድንበሩን አደብዝዘዋል። 375 ግራም የሚመዝነው አር50 የጀማሪ ሆኖ ዓይንን ራሱ ፈልጎ ይይዛል፤ በዚህ በኩል 5ዲ ማርክ 4ን ይበልጠዋል። ሁለተኛ ሜሞሪ ግን እሱም የለውም፤ ለዚያ እስከ አር7 መውጣት ያስፈልጋል።

ለሚማር ሰው 2000ዲ ከ50 ሚሊሜትሯ ጋር ይበቃዋል። የጉርድ ፎቶ፣ ምርቃትና ቪዲዮ ለሚሠራ ፎቶ ቤት ምርጫችን 80ዲ ነው፤ 730 ግራም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይም አይከብድም። 890 ግራሙ 5ዲ 805 ግራም ከሚመዝነው 24-70 ኤፍ 2.8 ጋር 1.7 ኪሎ ይሆናል፤ የሠርግ ውል ለሚፈርም ሰው ግን ክብደቱ ይገባዋል። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ካለ ከአሁኑ የሚገዛው ሌንስ ላይ «ኢኤፍ» ብቻ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። «ኢኤፍ-ኤስ» የሚለው፣ 18-55ቱን ጨምሮ፣ 5ዲው ላይ አይገጥምም።